ጳጉሜን የማያውቀው ኦፊስ

በዳሞት ወይዴ ወረዳ ዋና ከተማ በበዴሳ አንድ የፋይናንስ ሠራተኛ የውሎ አበል ሰንጠረዥ እየሠራ ነው እንበል። ባልደረባው ከነሐሴ 25 ቀን 2016 እስከ መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. መስክ ላይ ቆይቷል። ሠራተኛው በአንዱ ሴል 25/12/2016፣ በሌላው 5/1/2017 ብሎ ይጽፍና አንዱን ከሌላው እንዲቀንስለት ቀመር ያስገባል። ኮምፒውተሩ ቅንጣት ሳያመነታ «11» ይለዋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የወረቀት ካላንደር ግን 15 ነው የሚለው፤ ነሐሴ እስኪያልቅ 5 ቀን፣ ጳጉሜ 5 ቀን፣ ከመስከረም 5 ቀን።

ኮምፒውተሩ በራሱ ሒሳብ አልተሳሳተም። ያየው ዲሴምበር 25ንና ጃንዋሪ 5ን ነው። ጳጉሜ የምትባል ወር መኖሯን የነገረው የለም።

ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ቢያዘነብል ሰው ለምዶት ያርመው ነበር። ግን እንደ ወሩ ይለዋወጣል። ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 5 ቀን 2017 ድረስ 10 ቀን ነው፤ ሰንጠረዡ ፌብሩዋሪ መስሎት 8 ይላል። ከመጋቢት 25 እስከ ሚያዝያ 5 ያለውንም 10 ቀን ጁላይ አድርጎ 11 ያደርሰዋል። ጥቅምት 30 ሲጻፍለት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ገፍቶ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያ ሴል አይደመርም፣ አይቀነስም። በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ የተተወ ኮምፒውተር ከሆነ ጳጉሜ 3ን፣ ማለትም 3/13ን፣ «ማርች 13» ብሎ ይቀበላል። በ2010 ዓ.ም. የተቀጠረን ሰው አገልግሎት የዛሬን ቀን በሚያመጣው ቀመር ለማስላት የሞከረ ሰውም፣ ሠራተኛው ባልሠራበት 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ጡረታ ሲቀርብለት ያያል።

ስለዚህ ቀመሩን የሚጠቀም ይጠፋል። ቀኑ በአንድ ዓምድ፣ ወሩ በሌላ ዓምድ፣ ዓመቱ በሦስተኛ ዓምድ ይጻፋል፤ የቀናቱ ልዩነት ከካላንደር ላይ በጣት ይቆጠርና በእጅ ይሞላል። የሒሳብ ሰንጠረዥ የተፈለሰፈው ሰው በጣቱ እንዳይቆጥር ነበር። እዚህ ግን በጣት የተቆጠረውን አሳምሮ ማተሚያ ሆኗል።

በእርግጥ የመንግሥት የበጀት ሒሳብ በአይቤክስ ይያዛል፤ እሱ ለዚሁ አገር ተብሎ የተሠራ ነው። ነገር ግን ከዋናው ሥርዓት ውጭ ያለው ሥራ ሁሉ፣ የአበል ሰንጠረዡ፣ የፈቃድ መከታተያው፣ የማኅበራት ብድር፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ የዕድር መዋጮ ሳይቀር፣ ተራው የቢሮ ሶፍትዌር ላይ ነው የሚያርፈው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 በሚዘጋበት አገር፣ ዓመቱን ጃንዋሪ ላይ በሚጀምር መሣሪያ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የቢሮ ሶፍትዌር ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር የሚለውን የሚወስነው ማነው?

በትልልቆቹ ኩባንያዎች ዘንድ የሚወስነው ቁጥር ነው። ማይክሮሶፍት የ2007ን ኦፊስ ሲያዘጋጅ ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች የትኛውን ትዕዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚጫኑ መዝግቦ ነበር። በወርድ 2003 ላይ አምስት ትዕዛዞች ብቻ፣ ለጥፍ፣ አስቀምጥ፣ ቅዳ፣ መልስና አድምቅ፣ ከጠቅላላው አጠቃቀም 32 በመቶውን ይዘው ተገኙ። ሪበን የሚባለው የላይኛው ሰሌዳ የተደራጀው እንዲህ ባለ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዘዴው ብልህ ነው። አንድ ነገር ግን አይቆጥርም፤ የሌለውን። በሶፍትዌሩ ውስጥ ያልተቀመጠን የኢትዮጵያ ካላንደር ማንም ሊጫነው አይችልም፤ ስላልተጫነም «ፍላጎት የለም» ይባላል። የበዴሳው ሠራተኛ የቀን ቀመሩን ትቶ በጣቱ ሲቆጥር፣ ለቆጣሪው የታየው «ይህ ሰው የቀን ቀመር አያስፈልገውም» የሚል ነው። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር የመጣ፣ ያልተገዛና ኢንተርኔት አይቶ የማያውቅ ኦፊስ ከሆነማ ጭራሽ ከቆጠራው ውጭ ነው።

ክፍት ሶፍትዌር በዚህ ይለያል መባሉ እውነት ነው፤ የሚለይበት መንገድ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ብዙዎች ሊብሬኦፊስን የሚያውቁት በነጻነቱ ነው። ያልተገዛ ኦፊስ በርካሽ በሚጫንበት ከተማ ነጻ መሆን ብዙም አያስጎመጅም። የሚያስጎመጀው ሌላ ነው፤ ይህ ሶፍትዌር በሩን አንኳኩቶ «ይህ ይግባልኝ» ማለት፣ ከዚያም አልፎ ራስን አስገብቶ መሥራት የሚቻልበት ቤት ነው።

የቤቱ ታሪክ ራሱ ይህን ያሳያል። መነሻው ስታር ኦፊስ የሚባል የጀርመን ሶፍትዌር ነበር። ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1999 ገዛው፤ በ2000 ኮዱን ኦፕን ኦፊስ ብሎ ለሕዝብ ከፈተው። ኦራክል በ2010 ሰንን ሲጠቀልል ገንቢዎቹ በአዲሱ ባለቤት አልተማመኑምና በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ኮዱን ይዘው ወጡ፤ ዶክዩመንት ፋውንዴሽንን አቋቋሙ፤ ሥራውንም ሊብሬኦፊስ አሉት። ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። አዲስ ነገር የሚፈልግ ሰው በይፋዊው መዝገብ ላይ ጥያቄውን ያሰፍራል፤ የዲዛይን ቡድኑ ይወያይበታል፤ ኮዱን የጻፈ ሰው ሲገኝ ሌሎች ገንቢዎች መርምረው ያስገቡታል ወይም ይመልሱታል። ድምፅ አይሰጥም፣ ሪፈረንደም የለም። ተሸክሞ የመጣ ያስገባል፤ በምኞት የመጣ ሰልፍ ይይዛል።

ይህ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። የጀርመኑ የሽሌስቪግ-ሆልሽታይን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 30,000 የመንግሥት ኮምፒውተሮችን ወደ ሊብሬኦፊስ እንደሚያዞር አስታወቀ። እንዲህ ያለ ደንበኛ አንድ ነገር ሲጎድለው የሚሠራለት ኩባንያ ይቀጥራል፤ የተሠራውም ለዓለም ሁሉ ይደርሳል። የበዴሳ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ኩባንያ አይቀጥርም። መዝገቡም በእንግሊዝኛ ነው፤ ክርክሩም እንዲሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ደጃፉ ግን ሩቅ ነው።

አሁን ወደ ካላንደሩ። የሊብሬኦፊስ መመሪያ በቀን አጻጻፍ ላይ ሊመረጡ የሚችሉ ካላንደሮችን ይዘረዝራል። የጃፓን የዘመነ መንግሥት አቆጣጠር አለ። የታይላንድ የቡድሃ ዘመን አለ። የታይዋን አለ። ሂጅራ አለ። የአይሁድም አለ። የኢትዮጵያ የለም። የሚያስደንቀው ከእነዚህ መካከል ሂጅራ የጨረቃን ዑደት ማስላት ይጠይቃል፤ የአይሁዱ በአንዳንድ ዓመት አንድ ሙሉ ወር ይጨምራል። የኢትዮጵያው 12 ጊዜ 30 ነው፤ ሲደመር 5፣ በየአራት ዓመቱ 6። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሊጽፈው የሚችል ሕግ ነው። ይባስ ብሎ ሊብሬኦፊስ ለቋንቋና ለቀን ሥራ የሚጠቀምበት አይሲዩ የተባለው የኮድ ስብስብ የኢትዮጵያን ካላንደር በውስጡ ይዟል። ዱቄቱ ቤት ውስጥ ተቀምጦ እንጀራ የጋገረ ጠፍቷል ማለት ነው።

ሊብሬኦፊስ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሲዳምኛ ተተርጉሞ ይገኛል። ይህ ቀላል ድካም አይደለም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሐረጎችን በትርፍ ጊዜያቸው የተረጎሙ ሰዎች አሉ። ውጤቱ ግን ያስፈግጋል፤ ሜኑው አማርኛ ይናገራል፣ ቀኑ ፈረንጅ ነው።

እዚህ ላይ ከገንቢዎቹ ዘንድ የሚሰማ ከባድ መልስ አለ፤ ተራ ሰበብም አይደለም። «ሁሉም የየራሱን ከጨመረ ሶፍትዌሩ ሸክም ይሆናል። አንድ ነገር ለማስገባት አንድ ቀን ይበቃል፤ ለመንከባከብ ግን ሃያ ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ለጥቂቶች የሚሆነው ነገር ተቀጥላ ሆኖ ለብቻው ይቀመጥ፤ የፈለገ አውርዶ ይጫን።» ክርክሩ ግማሽ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ጆኤል ስፖልስኪ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራም ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2001 ጠቁሞት ነበር፤ ከተጠቃሚው አብዛኛው የሚነካው የሶፍትዌሩን ጥቂት ክፍል ብቻ መሆኑ ልክ ነው፣ ግን እያንዳንዱ የሚነካው ጥቂት ክፍል ይለያያል። ለበርሊን ትርፍ የሆነው ለበዴሳ ዋናው ነው።

ተቀጥላ የሚለው መፍትሔ በበዴሳ ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል። የወረዳው ሠራተኛ ተቀጥላውን አገኘ፣ ጫነ፣ ሰንጠረዡን በኢትዮጵያ ቀን ሠራ እንበል። ፋይሉን በፍላሽ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ዞን ላከው። ዞን ያለው ኮምፒውተር ተቀጥላው የለውም። በእያንዳንዱ የቀን ሴል ላይ የሚታየው ቀመሩ የማይታወቅ መሆኑን የሚገልጽ የስህተት ምልክት ነው። የዞኑ ባለሙያ ይደውላል፤ «ፋይልህ ተበላሽቷል፣ በወረቀት ላክ» ይላል። በሚቀጥለው ወር የወረዳው ኮምፒውተር ቫይረስ ገብቶት ፎርማት ይደረጋል፤ ተቀጥላው ከነስሙ ይጠፋል። በኤክሴል ማክሮ ቀን የሚለውጡ ፋይሎችም ዕጣቸው ከዚህ አይሻልም፤ ማይክሮሶፍት ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከኢንተርኔት የወረዱ ማክሮዎችን በነባሪ ይዘጋል። ሰነድ ከቢሮ ቢሮ የሚዞር ነገር ነው። በሚዞረው ሰነድ ላይ የሚጻፍ ቀን በአንዱ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ሊታወቅ አይችልም። ካላንደር ዋናው አካል ውስጥ መግባት ያለበት ለክብር ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ደግሞም ዋናው አካል ውስጥ ሲገባ ሌላውን አይረብሽም። የሒሳብ ሰንጠረዥ ቀንን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ከአንድ መነሻ ቀን ጀምሮ ስንተኛው ቀን እንደሆነ። ነሐሴ 25 ቀን 2016ም ይባል ኦገስት 31 ቀን 2024፣ ከበስተኋላ ያለው ቁጥር አንድ ነው። ካላንደር የማሳያና የማስገቢያ መስኮት ነው እንጂ ሌላ ሒሳብ አይደለም። ስለዚህ የኢትዮጵያን ካላንደር የማያውቅ ኤክሴል ፋይሉን ቢከፍት በደህናው ጊዜ የሚያሳየው የፈረንጁን ቀን ነው፤ ቁጥሩ አይጠፋም፣ ድምሩም አይዛባም።

ችግር ያለው ማስገቢያው ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ ጠያቂዎችም አስበው መምጣት ያለባቸው እዚህ ላይ ነው። 5/1/2017 መስከረም 5 ነው ወይስ ጃንዋሪ 5? «ቋንቋው አማርኛ ከሆነ ሁሉም ቀን የኢትዮጵያ ይሁን» የሚለው ቀላል መልስ አደገኛ ነው። አንድ ወረዳ ለክልሉ በኢትዮጵያ ቀን፣ ለረጂ ድርጅት በአውሮፓ ቀን ሪፖርት ያደርጋል፤ አንዳንዴም በአንድ ፋይል። ኮምፒውተሩ በዝምታ ገምቶ ከሚወስን፣ ሠራተኛው ዓምዱን መርጦ «ይህ የኢትዮጵያ ቀን ነው» ብሎ ቢያውጅ ይሻላል። በዝምታ የሚገምት ሶፍትዌር ምን እንደሚያደርስ ከ«ማርች 13» በላይ ምስክር አያስፈልግም።

የሚቻል ስለመሆኑ ምስክሩ ሩቅ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት መነሻው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ከሚቀበላቸው ካላንደሮች አንዱ የኢትዮጵያው ነው፤ በተቀጥላ ሳይሆን በራሱ ውስጥ።  የጤና መረጃውን የሚያስገባው ሥርዓት ጳጉሜን ያውቃታል፤ በዚያው ከተማ የአበል ሰንጠረዡ አያውቃትም።

ሁሉ ይግባ ማለት ግን ምንም አይግባ ከማለት አይለይም። የግዕዝ ቁጥር በገጽና በምዕራፍ ላይ ቢመጣ ያምራል፤ ለቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት አዘጋጆችም ይጠቅማል። በግዕዝ ቁጥር አበል የሚያሰላ ወረዳ ግን የለም፤ ይቆይ። ወዳጆቹ ይቆጡ ይሆናል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት የሚጀምረው የሰዓት አቆጣጠርም እንዲሁ፤ ሰው በጭንቅላቱ ስድስት መቀነስ ለምዶታል፣ ደሞዝ አይጎድልበትም። ተራ የሚሰጠው በሚያደርሰው ጉዳት መጠን ነው፤ በዚያ መለኪያ ካላንደሩን የሚቀድም የለም።

በወላይታ ግን የሚከተለው ነገር አለ፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ጥያቄ ሊያስታውሰው የማይችል። ወላይትኛ ከደርግ ውድቀት በኋላ በላቲን ፊደል ይጻፋል። በዚህ አጻጻፍ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚከፈትበትን ድምፅ የሚወክለው 7 ቁጥር ነው። ምድር ማለት የሆነው «ሳኣ» ሲጻፍ በመካከሉ 7 አለ። ለወላይትኛ አንባቢ ይህ ፊደል ነው፤ ለኮምፒውተር አኃዝ ነው። የሊብሬኦፊስ ፊደል ማረሚያ ቁጥር ያለባቸውን ቃላት እንዲያልፍ ተደርጎ ነው የሚመጣው፤ ወርድም እንዲሁ። ያንን የወሰነ ሰው ያሰበው የዕቃ መለያ ቁጥርን ይሆናል፤ ክፋት የለበትም። ነገር ግን ነገ አንድ ትጉህ ሰው የወላይትኛ መዝገበ ቃላት ለማረሚያው ቢያዘጋጅ፣ 7 ያለባቸው ቃላት ተሳስተው ቢጻፉም ማረሚያው ሳያይ ያልፋቸዋል። ስም በፊደል ተራ ሲደረደርም 7 ከፊደላት ሁሉ ቀድሞ ይሰለፋል።

እስከዚያው በወላይትኛ ፈተና የሚያዘጋጅ መምህር ገጹ በሙሉ በቀይ መስመር ተሰምሮ ይጠብቀዋል፤ ኮምፒውተሩ የተበላሸ እንግሊዝኛ መስሎታልና። ማረሚያውን ያጠፋዋል፤ ያኔ የእንግሊዝኛውም እርማት አብሮ ይጠፋል። ሊብሬኦፊስ የጽሑፉን ቋንቋ በራስ ኮድ መሰየም ይፈቅዳል፤ ወላይትኛ ተብሎ ሲሰየም ቀዩ መስመር ይለቃል። የሚያውቅ ካለ።

ሌላም አለ። ዩኒኮድ ለዓለም ሶፍትዌሮች በሚያቀርበው የቋንቋዎች መረጃ ቋት ወላይትኛ ተካቷል፤ የሳምንቱ ቀናት ስሞች ግን የተቀመጡት በሳባ ፊደል ነው። ያስገቡት ሰዎች በቅንነት ነው፤ ማንም ባላሰበበት ጊዜ ወላይትኛን ከዝርዝሩ ማስገባታቸው ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም የወላይታ ልጅ በትምህርት ቤት የሚማረው አጻጻፍ ያ አይደለም። ወላይታ ደግሞ በቋንቋ ላይ ከውጭ የሚወሰን ውሳኔ ምን እንደሚያስከትል አሳምሮ ያውቃል። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች የቀላቀለው «ወጋጎዳ» በመማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ተቃውሞ ተነሣ፣ የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መጽሐፎቹም ተነሡ። የኮምፒውተር ዝርዝር እንዲህ አያስቆጣም፤ ድምፅ የለውምና። ግን ውሳኔነቱ ያው ነው።

ታዲያ ተሸክሞ የሚያስገባው ማነው? ሶዶ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂዎች በየዓመቱ የመመረቂያ ሥራ ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የሆቴል ወይም የቤተ መጻሕፍት ማስተዳደሪያ ነው፤ ከፈተናው ቀን በኋላ ማንም አይከፍተውም። ካላንደሩን ሊብሬኦፊስ ውስጥ ማስገባት ለሁለት ወይም ለሦስት ተማሪዎች የአንድ ዓመት ሥራ ይበቃል። መምህሩ የሚፈርምበት ብቻ ሳይሆን በሌላ አገር ያሉ ገንቢዎች መስመር በመስመር የሚተቹት፣ ሲያልፍም በሚሊዮን ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ሥራ ነው። መዝገቡ ላይ ጥያቄ ለማስፈር ግን ተማሪም ፕሮግራም ጸሐፊም መሆን አያስፈልግም። ገንቢዎች ከረጅም አቤቱታ ይልቅ የሚወዱት ችግሩን የሚያሳይ አንድ ትንሽ ፋይል ነው። የበዴሳው የአበል ሰንጠረዥ፣ ከእነ 25/12/2016ቱ፣ ከእነ 5/1/2017ቱ፣ ኮምፒውተሩ ካወጣው 11 እና ከትክክለኛው 15 ጋር፣ እንዲያ ያለ ፋይል ነው።

ሊብሬኦፊስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፌብሩዋሪና በኦገስት፣ አዲስ እትም ያወጣል። 6 ቀን ያላት ቀጣይዋ ጳጉሜ በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ትመጣለች።